«ፈሪ ነሽ» አሉኝ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 33 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። ኮሮና የገባ ጊዜ፣ ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ «ቤታችሁ ቆዩ» ተባልን። መጀመሪያ የዓመት ፈቃዳችንን አስጨረሱን። እሱ ሲያልቅ ግማሽ ደሞዝ ሆነ። ሰርቪስ ቻርጅ የለ፣ ቲፕ የለ። ሰባት ወር እንደዚያ ቆየሁ። ሲጠሩኝ ተመለስኩ፤ ይኸው አሁንም እዚያው ነኝ።

አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ሁለት ወር እንኳ አልጠበቀችም። መልቀቂያ አስገባችና እናቷ ቤት እንጀራ እየጋገረች ለየሰዉ ማድረስ ጀመረች። ዛሬ ስድስት ሠራተኛ አላት።

አሁን አንድ አዲስ የሚከፈት ሆቴል ሱፐርቫይዘር ሊያደርገኝ ውል ሰጥቶኛል። ደሞዙ ከአሁኑ በግማሽ ይበልጣል። የሙከራ ጊዜ ግን አለው። ውሉ ከተሰጠኝ 11 ቀን ሆነ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ተጣጥፎ አለ። ማታ ማታ አውጥቼ አነበውና መልሼ አጥፈዋለሁ። ጓደኛዬን ባማክራት «አንቺ ድሮም ፈሪ ነሽ፣ በኮሮናም አይተንሻል» አለችኝ። እጮኛዬ ሳቀ። የእሱ ሳቅ ነው ያንገበገበኝ።

አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ፋብሪካው ወደ ግል ሲዞር ተቀነሰ። ጎረቤት እንዳያውቅበት ለወራት ምሳ ዕቃውን ይዞ ጠዋት ጠዋት ይወጣ ነበር። ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የቤት ኪራይም አለብኝ። እውነት ፈሪ ነኝ?

ውሉን የያዘችው፣ ከመገናኛ

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ነገሩ ስለ ውሉ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ላይ ዓይኔ የአባትሽ ምሳ ዕቃ ላይ ቀረ። እንደ ዋዛ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽው አለፍሽ። እኔ ግን ከዚያ እጀምራለሁ፤ ቀድሜ የራሴን ላውራሽና።

ኮሮና የገባ ጊዜ እኔም ሆቴል ነበርኩ። ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ሰው ሀብት ክፍል። የሆቴሉን ስም ተዪው። መቶ አርባ ሠራተኛ ነበረን። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ። ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ሎቢያችን ግጥም ብሎ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የስብሰባ እንግዳ ሁሉ እየሰረዘ አለቀ። ከውጭ የሚገባ መንገደኛ 14 ቀን ሆቴል ይቀመጥ ሲባል አንዳንዱ ሆቴል በኳራንቲን እንግዳ ትንሽ ተነፈሰ። የኛ አልተመረጠም። ለፋሲካ ዘጠኝ እንግዳ ነበረን። ለዘጠኝ ሰው ነው ዶሮ ወጥ የሠራነው፤ እሱም ተረፈ።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጣ። ቀጣሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። ስለዚህ «ተባረሃል» የሚል የለም። «ቤትህ ቆይ» ነው። ማን ቤቱ እንደሚቆይ፣ ማን በፈረቃ እንደሚገባ ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በእርሳስ፣ እየሰረዝኩ እየጻፍኩ።

ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሰው ስቀጥርና ስሸኝ ኖሬያለሁ። ያን ሳምንት ያየሁትን ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ በአንድ ቀን፣ ተቀራራቢ ደሞዝ ላላቸው ሰዎች ነው የሰጠሁት። የተቀበሉበት መንገድ ግን ሰማይና ምድር ነበር።

ላውንደሪ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረን። የደርግ ወታደር ነበር፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ገና ጎረምሳ ነው። ደብዳቤውን ሰጠሁት፣ አነበበው፣ ፈረመ። በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በር ላይ አገኘሁት። ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ እየጫነ ታሪፉ እጥፍ የሆነበት ጊዜ ነው፤ በእግሩ ነው የመጣው። «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ፈቃድ ላይ ነህ» ብለው፣ «አንዴ ተበትኛለሁ። ሁለተኛ አልበተንም» አለኝ። በየቀኑ መጣ። አምስት ሳንቲም አልተጨመረለትም። ዘበኞቹ መጀመሪያ ሳቁበት፣ በኋላ ወንበር አወጡለት።

ወጥ ቤት ደግሞ አንድ ልጅ ነበር። ደብዳቤውን ሲቀበል «ይሁና!» ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን መርካቶ አጎቱ ሱቅ ገባ፤ በወሩ ማስክና ሳኒታይዘር ያከፋፍል ነበር። ሰዉ ወዲያው «ጉራጌ አይደል፣ ንግድ በደሙ ነው» አለ። ይህን ወሬ አልወደውም። በደም የሚገባ ንግድ አላየሁም። ልጁ ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ አጎት ነበረው። ማታ ቢመሽበት የሚያድርበት የሱቅ ጓዳ ነበረው። ቢከስር «አይዞህ፣ ለነገ» የሚሉት ዘመዶች ነበሩት። ይህን ሁሉ ስጧት፣ የጎጃም ገበሬ ልጅም ደብዳቤዋን ተቀብላ ትስቃለች።

ሀውስኪፒንግ ላይ ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ነበረችን። ክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ቤሩት ያሉ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው እየጣሉ ሲሄዱ በቴሌቪዥን ያየን ጊዜ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ እኔ ግማሽ ደሞዝ አለኝ። ፓስፖርቴም ቁምሳጥኔ ውስጥ ነው» አለች። ለእሷ የኛ ሆቴል ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ምን እንደሚመስል ታውቃለቻ። ግን አልቆየችም። መስከረም ላይ ራሷ መጥታ የልምድ ማስረጃዋን ጠየቀችና ሄደች። አልተቀየመችም። አሠሪ ላይ አትደገፍም፣ በቃ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ነሐሴ ላይ አለቆቼ «ያለ ደሞዝ ፈቃድ የሚወስድ ይፈርም» አሉ። አብዛኛው ፈረመ። አንዲት አስተናጋጅ «አልፈርምም» አለች። ለምን ብላት ዝም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ እስክሪብቶውን ታየዋለች፣ አታነሳውም። ተናደድኩ። ማኅደሯ ላይ «የመተባበር መንፈስ ይጎድላታል» ብዬ ጻፍኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ነው የሰማሁት። ወንድሟ አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የተቀጠረው በእሷ ዋስትና ነው። የደሞዝ ማረጋገጫዋን ደብዳቤ የጻፍኩላት ራሴ ነበርኩ። ያለ ደሞዝ ፈቃድ ከወጣች ዋስትናው ይወድቃል፤ የሱም እንጀራ አብሮ ይወድቃል። ደሴ ያለችው እናታቸው ጠላ እየሸጠች ነው ያሳደገቻቸው፤ ለፊርማ ያላቸውን ፍርሃት ከእሷ ነው የወረሱት። እኔ የባንክ ጸሐፊ ልጅ ነኝ። አባቴ ወር በገባ በ30 ደሞዙን በፖስታ አምጥቶ ቡፌው ላይ ያስቀምጥ ነበር። እኛ ቤት ፊርማ ማለት ገንዘብ የሚያመጣ ነገር ነው። ፊርማ ቤት ሊያፈርስ እንደሚችል በ50 ዓመቴ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ማኅደሩ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤዋለሁ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ግድ የለም እትዬ» አለችኝ፤ ግን እንደ ድሮው አልሳቀችልኝም።

ወደ አንቺ ልምጣ።

ጓደኛሽ ጎበዝ ናት፤ ስድስት ሠራተኛ በወሬ አይያዝም። ግን ስትለቅ የገባችው እናቷ ቤት ነው። ቤቱ የቀበሌ ከሆነማ ኪራዩ ያኔ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አይሞላም ነበር። ምጣዱ ነበረ፣ ጤፍ የሚያመጣላቸው ሰው ነበረ፣ የሠፈሩ ሰው የእናቷን እጅ ያውቀዋል። እሷ ከወንበር ነው የዘለለችው። አንቺ ያኔ ብትዘዪ ከጣሪያ ነበር፣ ያውም ወንድምሽን አዝለሽ። ከፍታውን ሳይለኩ «እገሌ ደፋር፣ እገሌ ፈሪ» ማለት ቀላል ነው።

አንቺ ደግሞ በአራተኛ ክፍልሽ አንድ ትምህርት ተምረሻል። ሥራ ያጣ ሰው ብሩን ብቻ እንደማያጣ አየሽ። አባትሽ መንገድ ላይ ምሳ ዕቃ ይዘው ነበር የሚደበቁት። ይህን ያየች ልጅ ውል አጥፋ አጥፋ ብታነብ ምን ይገርማል? ሰባት ወር በግማሽ ደሞዝ ኪራይ ከፍለሽ ወንድምሽን የያዝሽውም አንቺው ነሽ። ይህን ማንም አልቆጠረልሽም፤ ራስሽም አልቆጠርሽው።

የቡና ላይ ወሬ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኡልሪኬ ማልሜንዲርና ስቴፋን ናጌል የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ጥናት አሳትመዋል። በዕድሜያቸው የአክሲዮን ገበያ ክፉኛ ሲወድቅ ያዩ አሜሪካውያን፣ ብዙ ዓመት ካለፈም በኋላ ገንዘባቸውን አደጋ ላይ ለመጣል ያመነታሉ ይላል። የቅርቡ ትዝታ ከሩቁ ይበልጥ ይከብዳል፣ የሩቁ ግን ጨርሶ አይጠፋም። የእነሱ ነገር አክሲዮን ነው፤ የኛ ሰርቪስ ቻርጅ። ቢሆንም ሳነበው የላውንደሪው ሰውዬ ነው የመጣብኝ። አንቺ ደግሞ ሁለቱም አለብሽ፣ የአራተኛ ክፍሉም የ2012ቱም።

ስለዚህ «ፈሪ ነኝ ወይ» የሚለውን እዚህ ላይ እንተወው። ወረቀቱን አውጪው።

«ደሞዙ በግማሽ ይበልጣል» ብለሻል። ከምን? ከመነሻ ደሞዝሽ ከሆነ ተጠንቀቂ። ሆቴል ቤት የሚያኖረን ሰርቪስ ቻርጅና ቲፕ መሆኑን አንቺ ታውቂዋለሽ። አዲስ የተከፈተ ሆቴል እንግዳ እስኪለምደው ድረስ የሚካፈል ነገር የለውም። ያለፈውን አንድ ዓመት በየወሩ እጅሽ የገባውን ደምሪና ለ12 አካፍዪው። ያን ቁጥር ከአዲሱ መነሻ ደሞዝ ጋር አስተያዪ። ልዩነቱ ቀልጦ ከጠፋ፣ ማታ ማታ የሚያስቆምሽ ፍርሃት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ልዩነቱ ከቀረ ደግሞ ደስ ይበልሽ።

ከዚያ «የሚከፈት» የምትለዋ ቃል አለች። በዚህ ከተማ «በቅርቡ ይከፈታል» የሚል ባነር ፀሐይ በልቶት ነጭ እስኪሆን ሲሰቀል አይተናል። ሊፍቱ ጉምሩክ ነው ይሉሻል፣ መብራት ኃይል ትራንስፎርመር አልሰጠንም ይሉሻል። ውሉ ላይ ሥራ የምትጀምሪበት ቀን በቀንና በወር ተጽፎ፣ ሆቴሉ ቢከፈትም ባይከፈትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሞዝ እንደሚታሰብ እስኪጻፍልሽ ድረስ መልቀቂያ እንዳታስገቢ። «እንተማመን» ካሉሽ፣ «ከተማመንን ጻፉልኝ» በያቸው።

የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011 ማለቴ ነው፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍ መሆንም አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ አሥር ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ለሥራው አልሆነችም» ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። አዎ፣ ያስፈራል። ግን ሌላውን ጎንም እዪው። ከአሁኑ ሆቴል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ስትወጪ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ስላገለገልሽ፣ በራስሽ ፈቃድ ብትለቂም የሥራ ስንብት ክፍያ አለሽ። በሥልጠና ምክንያት «ይህን ያህል አገለግላለሁ» ብለሽ የፈረምሽው ውል ካለ ብቻ ነው የሚያሰናክልሽ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ዘጠኝ ዓመት ቢያዝልሽ የ110 ቀን ደሞዝ ነው። ያልወጣሽው የዓመት ፈቃድም በብር ይታሰባል። ጡረታሽ፣ አንቺ በ7 በመቶ ቀጣሪሽ በ11 በመቶ ስታዋጡት የኖራችሁት፣ አብሮሽ ይሄዳል። የልምድ ማስረጃውን ሳትይዢ ከበሩ አትውጪ።

የሚያስፈራሽ አሥር ሳምንት ነው። በእጅሽ የሚገባው የ110 ቀን ደሞዝ ነው። አባትሽ ሲቀነሱ እንደዚህ ያለ ሒሳብ የሠራላቸው ሰው ነበር? እኔ ብሆን ያን ገንዘብ አልነካውም፤ እቁብም አልገባበትም። የሙከራ ጊዜዬ እስኪያልቅ ባንክ ይተኛ።

እጮኛሽን ደግሞ አንድ ቀን ቡና ላይ አባቱ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቂው። አትጨቃጨቂው፤ አዳምጪው ብቻ። ከሚስቅ ሰው ጋር ትዳር የሚያስቸግር አይመስለኝም፣ ለምን እንደሚስቅ ካወቀ።

አባትሽ በሕይወት ካሉ፣ ያን ምሳ ዕቃ የት ተቀምጠው ይበሉት እንደነበር ጠይቂያቸው።

ጥያቄ፦

አዳማ ላይ 22 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አለኝ። በኮሮና ጊዜ ግማሹ ሠራተኛ ጥሎኝ ሄደ። አሁን ሰው ስቀጥር ቃለ መጠይቅ ላይ የቤተሰቡን ሁኔታ ብጠይቅ፣ በክፉ ቀን ማን እንደሚጸና አስቀድሜ ማወቅ አልችልም?

ተስፋ የቆረጥኩ ቀጣሪ

መልስ፦

አይችሉም፣ ጌታዬ። ከላይ ለጻፈችልኝ ልጅ ያልኩትን አንብበው «እንግዲያው የተቸገረ ልቅጠር፣ የትም አይሄድም» እንዳይሉ ፈራሁ። ቀጣሪ ሲባል እንደዚያ ያስባል፤ እኔም አስቤ አውቃለሁ። የት ተወለድክ፣ አባትህ ምንድን ናቸው ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት እርስዎን ደስ የሚያሰኝ መልስ ነው። ከዚያ ወዲያ ብሔሩን ወይም ሃይማኖቱን አይተው ከለዩ ሕጉም ይከለክልዎታል።

ይልቅ እርስዎን ልጠይቅ። በ2012 የሄዱት ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ስንት ጊዜ ደወሉላቸው? ሲደውሉስ ምን አሏቸው? እኛ ሆቴል እንግዳ ሲመለስ ስልክ ይዤ ስደውል፣ በመሃል «ቤት ደህና ነው?» ብዬ የደወልኩላቸው ሁሉ መጡ። ያልደወልኩላቸው ብዙዎቹ ቁጥራቸውን ቀይረው ነበር። ለአዲሱ ሠራተኛዎ ቀድመው ይንገሩት፦ እንግዳ ቢጠፋ ስንት ወር ምን ያህል እንደሚከፍሉ፣ ማን በቅድሚያ እንደሚወጣ። ባለ 22 ክፍል ፔንሲዮን ይህን በአንድ ገጽ መጻፍ አያቅተውም።

የላውንደሪው ሰውዬ በእርስዎ መጠይቅ ቢፈተን ይወድቅ ነበር። 49 ዓመት፣ ስምንተኛ ክፍል፣ የተበተነ ወታደር። ኅዳር ላይ እንግዳ መምጣት ሲጀምር የቆሙትን ማጠቢያ ማሽኖች የሚያስነሳ ቴክኒሻን ጠራን። ከፈታቸው፣ ነካካቸው፣ ከዚያ ቀና ብሎ «እነዚህን ማን ሲያዞራቸው ነበር?» አለ። ለካ ሰውዬው በየማክሰኞው ውሃ ብቻ እየሞላ ባዷቸውን ያዞራቸው ነበር፤ የበራቸው ጎማ እንዳይደርቅ።